የሒሳብ ተማሪ ከሦስተኛ ዓመት በኋላ፦ ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ሥራ እና ዝግጅት

ኤፕሲሎን (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ብዙዎቹ የክፍል ጓደኞቼ የፈለጉት ዘርፍ ሞልቶባቸው ወደ ሒሳብ የተመደቡ ናቸው፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ምርጫዬ ነው የገባሁት፤ አሁንም ደስ ብሎኝ እየተማርኩ ነው። ሆኖም ቤተሰብም ጎረቤትም «ከማስተማር ሌላ ምን ትሠሪበታለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጠው ተጨባጭ መልስ የለኝም። አማካይ ውጤቴ 3.6 ነው፤ በሪል አናሊሲስ ቢ፣ በሊኒየር አልጀብራና በፕሮባቢሊቲ ኤ አግኝቻለሁ። ላፕቶፕ ስለሌለኝ የምጠቀመው በግቢው የኮምፒውተር ክፍል ነው። ለማስተርስ ገንዘብ የማይጠየቅበትና ከእኛ ዩኒቨርሲቲ ለወጣ ተማሪ በእርግጥ የሚደረስበት ዕድል የቱ ነው? አገር ውስጥ ብቆይስ ለሒሳብ ምሩቅ የሚሆን ሥራ የት ይገኛል? እስከ መውጫ ፈተናው ባለው ጊዜ ግቢ ውስጥ ምን ላይ ባተኩር ይሻላል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሌማ

እህቴ፣ አብዛኛው ተማሪ ይህን የሚጠይቀው ቴምፖውን (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃውን) ከተቀበለ በኋላ ስለሆነ አንቺ አሁን መጠየቅሽ ጥሩ ጊዜ ሰጥቶሻል።

እኔ የማውቀው ኤይምስ ተብሎ የሚጠራውን የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ነው። በፊዚክስ ሊቁ በኒል ቱሮክ አነሳሽነት እ.ኤ.አ. በ2003 በኬፕ ታውን አጠገብ በሙዘንበርግ ተመሠረተ፤ ከዚያም በሴኔጋል፣ በጋና፣ በካሜሩንና በሩዋንዳ ማዕከላት ከፍቷል። ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና የጉዞ ትኬቱ በስኮላርሺፑ የሚሸፈን ሲሆን ለማመልከትም ምንም አይከፈልም። ስለዚህ «እኔ አስመዘግብሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢመጣ ከመጀመሪያው አትስሚው።

አሠራሩ እዚህ ከለመድነው በጣም ይለያል። አንድ ኮርስ የሚፈጀው ሦስት ሳምንት ነው፤ የሚያስተምረውም ለዚያ ጊዜ ብቻ ከሌላ አገር የሚመጣ መምህር ነው። መምህሩም ተማሪውም በአንድ ሕንፃ ስለሚኖሩ ከእራት በኋላ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ አንድ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) መከራከር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ተማሪ ያጠናውን ወረቀት ላይ አፍስሶ የሚወጣበት የማጠቃለያ ፈተና የለም፤ የሚመዘነው በተከታታይ የቤት ሥራዎችና በመጨረሻ ከአማካሪ ጋር በሚሠራው የጥናት ጽሑፍ ነው። ፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) እና ላቴክ (የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ) ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ግዴታ ናቸው፤ ከእኛ አገር የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚንገዳገደውም ሒሳቡ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። በግቢሽ የኮምፒውተር ክፍል በሳምንት ሁለት ከሰዓት እንኳ ፓይተን ብትለማመጂ፣ የቤት ሥራሽንም በላቴክ መጻፍ ብትጀምሪ፣ እዚያ ስትደርሺ ጉልበትሽን ለሒሳቡ ታውያለሽ።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሦስት ሳምንት ለአንድ ኮርስ አጭር ጊዜ ነው። ኤይምስ ሰፊ ዕይታ ይሰጣል፤ ምን እንደምትወጂም እዚያ ታውቂያለሽ። በንጹሕ ሒሳብ ጠልቀሽ ዶክትሬት መሥራት ከፈለግሽ ግን ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ዓመት የሚያስፈልግሽ ይመስለኛል።

መንገደኛ በትሪየስተ

ሌማ የጠቀሰችውን ጥልቀት ለሚፈልግ ተማሪ አይሲቲፒ (ዓለም አቀፉ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል) አለ። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 በጣልያኗ ትሪየስተ ከተማ የመሠረተው ማዕከል ሲሆን፣ ዓላማውም በማደግ ላይ ያሉ አገሮች ሳይንቲስቶች ከዓለም ሳይነጠሉ እንዲሠሩ ማስቻል ነበር። የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ፕሮግራሙ አንድ ዓመት ይፈጃል፤ ሒሳብም የራሱ ክፍል አለው። ወጪው በሙሉ ይሸፈናል፤ የሚወሰዱት ተማሪዎች ግን በጣም ጥቂት ስለሆኑ ውድድሩ ብርቱ ነው።

እዚህ የሚሰጡት ቶፖሎጂ፣ ፈንክሽናል አናሊሲስ፣ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ፣ ዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪና አልጀብራ ናቸው። ፍጥነቱ ከባድ ነው። ወደዚህ የሚመጣ ተማሪ የኤፕሲሎን–ዴልታ ማረጋገጫን ያለ መጽሐፍ መጻፍ፣ ኮሺ ሲኩዌንስ ምን እንደሆነ በእንቅልፉ ቢጠየቅ እንኳ መመለስ መቻል አለበት። ዲፕሎማው እንደ ማስተርስ አይቆጠርም፤ ሆኖም ይህን የጨረሰ ተማሪ በአውሮፓም በአሜሪካም ለዶክትሬት ሲያመለክት ፋይሉ በቁም ነገር ይነበባል። የድረ ገጹን የማመልከቻ ጊዜ ከመስከረም ጀምረሽ ተከታተይ።

መምህር በአራት ኪሎ

እንደ አስተማሪ አንድ ጉዳይ ላንሳ። በየዓመቱ በርካታ የድጋፍ ደብዳቤዎችን እጽፋለሁ፤ ከተመራቂዎቻችን ዕድል ውስጥ ግማሹ የሚያልቀው በዚህች አንድ ገጽ ላይ እንደሆነ አምናለሁ። አማካይ ውጤትሽ መልካም ነው፤ ነገር ግን 3.6 እና ከዚያ በላይ ያላቸው አመልካቾች ከአፍሪካ ሁሉ ይመጣሉ። ከእነርሱ የሚለይሽ አንቺን በእርግጥ የሚያውቅ መምህር የጻፈው ደብዳቤ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ላሳይ። «ተማሪዋ ትጉህ፣ ሰዓት አክባሪና መልካም ሥነ ምግባር ያላት ናት» የሚል ደብዳቤ ለማንኛውም ተማሪ ሊጻፍ ስለሚችል ለመራጩ ኮሚቴ የሚነግረው የለም። በሌላ በኩል እንዲህ የሚል ደብዳቤ አስቡ፦ «በተዘጋና በተወሰነ ኢንተርቫል ላይ ያለ ኮንቲኒዩየስ ፈንክሽን ዩኒፎርምሊ ኮንቲኒዩየስ መሆኑን ባስተማርኩበት ሳምንት፣ ይህች ተማሪ ኢንተርቫሉ ክፍት ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። በማግሥቱ በዜሮና በአንድ መካከል ያለውን፣ አንድ ሲካፈል ለኤክስ የሚለውን ፈንክሽን ይዛ መጥታ ቲዎረሙ እዚያ ላይ ለምን እንደማይሠራ በሰሌዳ አሳየችኝ።» ኮሚቴው ይህን ሲያነብ የሚያየው የምታስብ ተማሪን ነው። መምህሩም ይህን መጻፍ የሚችለው ተማሪዋ በእርግጥ ወደ ቢሮው መጥታ ከጠየቀችው ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ከአሁኑ ሴሚስተር ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ሥራሽን እንዲያውቁ አድርጊ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን ቀደም ብለሽ ምረጪ፤ ከበይነ መረብ የተገለበጠ ሃያ ገጽ ከማስረከብ አንድን ቲዎረም ከነማረጋገጫው ተረድተሽ በራስሽ ምሳሌ ማብራራት ይበልጣል። በሪል አናሊሲስ ስላገኘሽው ቢ አትጨነቂ፤ ተከታዩን ኮርስ በኤ ብትጨርሺ መሻሻልሽን የሚያሳይ ሆኖ ይነበባል።

ዳታ ሰው

የተከበሩ መምህር የጻፉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለእህታችን የሚበጃት ይህ ብቻ አይመስለኝም። ስኮላርሺፕ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት የሒሳብ ምሩቃን የሚኖሩት አገር ውስጥ ነው፤ ገበያው የሚፈልገውም ኮድ መጻፍና ዳታ መተንተንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርቶችን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ብቻ ነው። ኤቱኤስቪ የሚባለውም ድርጅት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአልጎሪዝምና በዳታ ስትራክቸር እያሠለጠነ ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሥራ ፈተና ያዘጋጃል። የአብስትራክት አልጀብራ ሰዓቷን ቀንሳ እነዚህ ላይ ብታውል የተሻለ ነው የምለው።

መምህር በአራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ኮድ መጻፍ እንድትማር እኔም እመክራለሁ፤ የማልስማማው ከአልጀብራው ሰዓት ቀንሳ በሚለው ላይ ነው። በእነዚያ ሥልጠናዎች ላይ ከሶፍትዌርና ከኮምፒውተር ሳይንስ የሚመጡ ተማሪዎች ኮድ በመጻፍ ይቀድሟታል። እርሷን የሚለያት ሊኒየር አልጀብራውን፣ ፕሮባቢሊቲውንና የማረጋገጫ ልማዱን በሚገባ መያዟ ነው። ፕሪንሲፓል ኮምፖነንት አናሊሲስን (ብዙ ተለዋዋጮችን ወደ ጥቂት የማጠቃለያ ዘዴን) በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያሠራ ሰው ብዙ ነው፤ አይገንቫሊዩው ምን እንደሚለካ አውቆ ውጤቱ ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ጊዜ መቀነስ ካስፈለገ ከሌላ ነገር ይቀነስ።

ዳታ ሰው

ይህን እቀበላለሁ። ሁለቱን አብራ ታስኪድ ማለት ነበረብኝ።

ከሚድዌስት

እኔ በአሜሪካ በሒሳብ ዶክትሬት እየሠራሁ ነው። ከአገራችን ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር እዚህ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት መቻሉ ነው፤ ማስተርስ የግድ አይደለም። የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች ለሌላ ዘርፍ ተማሪዎች ካልኩለስ የሚያስተምር ሰው ስለሚያስፈልጋቸው፣ የተቀበሉትን የዶክትሬት ተማሪ በረዳት መምህርነት ይቀጥሩታል፤ የትምህርት ክፍያው ይነሳለታል፣ ወርኃዊ ደመወዝም ያገኛል። በሌላ አነጋገር ስኮላርሺፕ ብለን ለብቻው የምንፈልገው ነገር እዚህ ከቅበላው ጋር አብሮ ይመጣል። ማስተርስ ብቻ ለሚያመለክት ግን ይህ ድጋፍ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ማመልከቻው የሚዘጋው በአብዛኛው ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው፤ የገንዘብ ድጋፍ የቀረበለት ተማሪም በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15 መልስ የመስጠት ጊዜ አለው። ለሁሉም የሚቸግረው የማመልከቻ ክፍያ ነው፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ መቶ ዶላር ሊጠጋ ይችላል፣ ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈልም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለድኅረ ምረቃ አስተባባሪው በትሕትና አጭር ኢሜይል ጻፊና ክፍያው እንዲነሳልሽ ጠይቂ፤ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው። የሒሳብ ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ብዙ ትምህርት ክፍሎች ግዴታ ከማድረግ ወጥተዋል። የእንግሊዝኛ ፈተናን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲሽ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ የሬጅስትራር ደብዳቤ ተቀብለው ፈተናውን የሚተዉ ተቋማት አሉ፤ ከማመልከትሽ በፊት የየተቋሙን መመሪያ አንብቢ።

ኤፕሲሎን (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ መምህር የጻፉት ደጋግሜ የማነበው ነው። ሆኖም የአገር ውስጡ ጥያቄዬ ገና አልተመለሰም። አባቴ ጡረተኛ ነው፤ ታናናሾቼም ገና ተማሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከምርቃት በኋላ አንድ ዓመት ያለ ገቢ መጠበቅ አልችልም። የባንክና የመድን ማስታወቂያዎች ላይ አካውንቲንግና ኢኮኖሚክስ እንጂ ሒሳብ ተጽፎ አላየሁም።

የመድን ባለሙያ

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ወደ እኔ ቤት የመጣ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» የሚል ሐረግ ካለ አመልክቺ፤ ለፈተና ከተጠራሽ የቁጥር ክፍሉ ያንቺ ነው። እኔ ግን ከትሬኒ (ጀማሪ ሠልጣኝ) ሥራ አልፈሽ እንድታስቢ እፈልጋለሁ፤ አገራችን በጣም የምትፈልገው አክቹዋሪ የሚባል፣ የወደፊት ክፍያንና ስጋትን በፕሮባቢሊቲ የሚያሰላ ሙያ አለ፤ ባለሙያዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ እንዲከተሉ ከተወሰነ ወዲህ፣ የመድን ውል ግዴታንና ለሠራተኛ ወደፊት የሚከፈልን ገንዘብ በፕሮባቢሊቲ አስልቶ በሒሳብ መግለጫ ላይ ማስፈር የግድ ሆኗል። ይህን ሥራ ብዙ ድርጅቶች ከውጭ አገር ባለሙያ ይገዛሉ።

ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ በትንሽ ስሌት ላሳይሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላው ግን ከአሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አይበልጥም። በአሥር ዓመት አገልግሎት አንድ ወርና ዘጠኝ ሲሶ፣ ማለትም የአራት ወር ደመወዝ ይሆናል። ጣሪያው ላይ የሚደረሰው በ34ኛው ዓመት መሆኑን ራስሽ አስልተሽ ታገኚዋለሽ። አሁን አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ አለ እንበል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በ15,000 ብር ደመወዝ ክፍያው በሚገባው ምክንያት የመልቀቅ ዕድሉ 0.4 ቢሆን፣ የሚጠበቀው ክፍያ 60,000 በ0.4 ተባዝቶ 24,000 ብር ነው። በዓመት 10 በመቶ ወለድ ወደ ዛሬ ሲመለስ 14,900 ብር ገደማ ይሆናል። አንድ ባንክ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሠራተኞች፣ በየዓመቱ የሚለዋወጥ የመልቀቅ፣ የሞትና የደመወዝ ዕድገት ግምት ይዞ ይህን ሲሠራ የሚያስፈልገው ያንቺ ፕሮባቢሊቲ ነው። እውነተኛው ሞዴል ከዚህ እጅግ የተወሳሰበ ቢሆንም መሠረቱ ይኸው ነው።

ሙያው በፈተና የሚገኝ ነው። የአሜሪካው የአክቹዋሪዎች ማኅበር ፈተናዎች በፕሮባቢሊቲና በፋይናንስ ሒሳብ ይጀምራሉ፤ የእንግሊዙም ማኅበር የራሱ ተከታታይ ፈተናዎች አሉት። ክፍያቸው በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ በራስሽ ኪስ ከመጀመርሽ በፊት የፈተና ወጪ የሚሸፍን ቀጣሪ ፈልጊ። ለፕሮባቢሊቲው ፈተና የሚያስፈልገውን ግን አብዛኛውን በክፍል ተምረሽዋል፤ ናሙና ጥያቄዎቹም በማኅበሩ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። በአንድ የመድን ድርጅት ስትጠየቂ «ለፈተናው እየተዘጋጀሁ ነው» ብለሽ የሠራሻቸውን ጥያቄዎች ብታሳዪ ከሌሎች አመልካቾች ትለያለሽ።

ከመድን ውጭም የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትን፣ የቴሌኮም ድርጅቶችንና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ዙሪያ የሚፈጠሩ ድርጅቶችን ተከታተይ።

ጠመኔ

እኔ ከተመረቅሁ በኋላ ፒጂዲቲ (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) ወስጄ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ሆኛለሁ። ከላይ «ከማስተማር ሌላ» የሚለው አነጋገር ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም አንድ ነገር ልበል። በ12ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ላይ አብዛኛው ተማሪ በሚወድቅበት አገር ሊሚትን በሚገባ የሚያስረዳ መምህር የሚሠራው ሥራ ከየትኛውም ያነሰ አይደለም። ደመወዙ አይበቃም፤ ይህን አልሸሽግም። ቤት ለቤት የሚሰጥ ትምህርት ገቢዬን ይደግፋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እዘጋጃለሁ። ገቢ ማቋረጥ ለማትችዪው ለአንቺ ይህም እየሠሩ ለስኮላርሺፕ የማመልከት አንድ መንገድ ነው።

ሃውስዶርፍ

ከጀርመን አጭር ጭማሪ አለኝ። እዚህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቂቶች በቀር የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሒሳብ ማስተርስም ቦንን በመሰሉ ጠንካራ ተቋማት አለ። ነገር ግን ነፃ ነው ሲባል ቪዛውን አትርሺ፤ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለኑሮ በዝግ የባንክ ሒሳብ በዓመት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፕ ለብዙዎቻችን የማይሆን ነው። ከዚህ ይልቅ በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈውን የኢራስመስ ሙንዱስን የማስተርስ ፕሮግራሞች ተመልከቺ፤ ስኮላርሺፑ ለሁለት ዓመት በወር 1,400 ዩሮ ሲሆን በመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ ተማሪም ማመልከት ይችላል። በተግባራዊ ሒሳብ ጣልያን ላኩዊላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ኢንተርማትስ አለ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም በየዓመቱ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ይከፈታል፤ ክፍያ የለውም።

ኤፕሲሎን (ጠያቂ)

አሁን መንገዱ ታየኝ። ለኤይምስና ለኢራስመስ ሙንዱስ በመጨረሻው ዓመቴ አመለክታለሁ፤ ጎን ለጎንም የፕሮባቢሊቲ ፈተናውን ጥያቄዎች እሠራለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የወጪ መጋራት ዕዳ ስላለብኝ ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይልክልኝም ብለው ጓደኞቼ ነግረውኛል። ይህ ማመልከቻዬን ያሰናክለዋል?

መምህር በአራት ኪሎ

ለማመልከቻው አያሰናክልሽም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራቱ ሳይከፈል ወይም ሳይስተካከል አይሰጡም፤ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን በማመልከቻ ጊዜ የሚጠይቁት ስካን የተደረገ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ቅጂ) ነው። ኦፊሻሉ የሚያስፈልገው ቅበላ ካገኘሽ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ብሩ ምን ያህል እንደሆነ ከሬጅስትራር አስቀድመሽ ጠይቀሽ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሪበት። ለውጭ አገር የሚሄዱ ማስረጃዎች በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስለሚኖርባቸው ለዚህም ሳምንታት ያዢ።

ከዚህ ሁሉ አስቀድመሽ ግን የስምሽን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አመሳክሪ። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ በስቱደንት ኮፒና በፓስፖርት ላይ የአያት ስም በተለያየ ፊደል ተጽፎ ቅበላ ካገኙ በኋላ የተጉላሉ ተማሪዎች አሉ። በሬጅስትራር በኩል ማስተካከል ከምርቃት በፊት ቀላል ነው፤ ከምርቃት በኋላ ግን የፍርድ ቤት ማስረጃ እስከ መጠየቅ ይደርሳል። ፓስፖርት ገና ካላወጣሽ ፎርሙን ስትሞዪ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትሽን ከፊትሽ አስቀምጪና እያንዳንዱን ፊደል ከእርሱ ገልብጪ።